የራስጌው ተማሪ

ሰኞ፣ ግንቦት ፲፰

ሦስት ጊዜ የተሰናከለ ይመለሳል አሉ! በዚህ ሥርዓት እኔ ራሴ ተፈትኜ ቢሆን ኖሮ ዛሬም ፊደል ላይ ተጎልቼ ነበር።

የሐዋርያት ጾም ዛሬ ገባ፤ ትእዛዙም አብሮት ገባ። የደብሩን ንብረት የሚያስተዳድረው ገበዙ ከቅዳሴ በኋላ ደጀ ሰላሙ ላይ ቆሞ ነገረን። ጳጳሱ አንኮበር ይመጣሉ፤ ሰኔ በገባበት እሑድ ለልጆች ዲቁና ይሰጣሉ። ከዚያ በፊት፣ በሚመጣው ሳምንት ማክሰኞ፣ ልጆቹን የሚመረምር መምህር አለ። እንዳልረሳው ሕጉን ልጻፈው፦

ዳዊት የደገመ ይሁን።
ነገር ግን በዳዊት አይፈተንም፤ አይቶት በማያውቀው መጽሐፍ ነው።
መርማሪው ጣቱን ካሳረፈበት ቦታ ያነባል።
ሦስት ጊዜ የተሰናከለ ይመለሳል።

የእኔ ሕግ አንድ ብቻ ነበር። ዓይኔን ጨፍኜ እሰማለሁ፤ ያልሳተ አለፈ። አራት ልጅ አራት ቦታ ላይ እየጮኸ ሲያነብ የአንዱን ስሕተት ከአራቱ ጩኸት መካከል ለቅሜ አወጣለሁ። በዚህ ስኮራ ነው የኖርሁት።

ዳዊት የደገሙልኝ አራት ናቸው፦ ድልነሳው፣ ሁለቱ ወንድማማቾች፣ ሀብቴ። ለሦስቱ ዲቁናው ቢያመልጣቸው ቅር ይላቸዋል እንጂ ሌላ ጉዳት የለውም። የሀብቴ ግን ሌላ ነው። አባቱ ቄስ ነበሩ፤ ጥር ላይ ሞቱ። ቤተሰቡ የሚበላበት መሬት የቤተ ክርስቲያኑ ነው፤ ከቤቱ የሚያገለግል ከሌለ ለሌላ ይሰጣል። ገበዙ እስከ ሰኔ ሚካኤል እጠብቃለሁ ብሏል። እናቲቱ እመት ወለቴ ከሀብቴ ሌላ ያሏት ሁለት ትንንሽ ሴቶች ናቸው።

ስለ ሀብቴ አልሰጋም። ሀብቴ ተሰናክሎ አያውቅም።

ማክሰኞ፣ ፲፱

እጄን በቆረጠው!

ከቤተ ክርስቲያኑ ዕቃ ቤት ልጆቹ አይተውት የማያውቁት አንድ ድርሳን ለምኜ አመጣሁ። አንድ በአንድ ከጎኔ እያስቀመጥሁ አስነበብሁ። ድልነሳው ሁለት ጊዜ ተሰናከለ። ታላቁ ወንድም ሁለት። ታናሹ ሦስት፤ አለቀሰ።

ሀብቴን ጠራሁት። ተቀመጠ። ቆይቶ አንድ ፊደል አለ፣ ቆይቶ ሌላ፣ እሱንም ሳተው። ትናንት ትምህርት ቤት የገባ ልጅ ነው የመሰለው። ደሜ ፈላ። ለካ ዳዊቱን በጆሮው ለቅሞ በቃሉ ይዞት ነው!

«አንተ! ይኸን ሁሉ ዓመት ስታሞኘኝ ነው የኖርኸው?» አልሁት።

«የኔታ፣ ይኸ መጽሐፍ ተገልብጧል» አለኝ።

አየሁት፤ አልተገለበጠም። አላገጠብኝ ብዬ በልምጭ ሁለት ጊዜ መታሁት። ይኸ ይጻፍብኝ። ልጁ እንባውን ጠረገና መጽሐፉን በሁለት እጁ አዙሮ፣ ራስጌውን ወደ ታች አድርጎ፣ ገጹን ሙሉ አነበበው። አንድ ጊዜ እንኳ አልተሰናከለም።

ያለን አንድ ዳዊት ነው። አትሮንሱ መካከል ይቀመጣል፤ እኔ ከግርጌው በኩል ነኝ፣ ፊደሉ የሚቀናው ለእኔ ነው። ከጎኔ የሚቀመጠው የሚሳሳተው ልጅ ነው፤ በጣቴ እያሳየሁ እንዳርመው። ሲሻለው ይነሣል፣ ሌላ ይተካል። ሀብቴ በሰባት ዓመቱ ሲመጣ ክፍት ቦታ የነበረው ከራስጌው በኩል፣ ከፊት ለፊቴ ነው። እዚያ ተቀመጠ። ፊደሉንም፣ አቡጊዳውንም፣ ወንጌሉንም፣ ዳዊቱንም ከዚያው ተማረ። ስሕተት ስለሌለበት አንድ ቀን ወደ ጎኔ አልጠራሁትም። ጎበዝ ስለሆነ ነው የጠፋብኝ።

ረቡዕ፣ ፳

ለማዞር ሞከርሁ። ያየሁት ችግር፦

መስመሩን ከቀኝ ይጀምራል።
ገጹን ከታች ወደ ላይ ይወጣል።
ሀ ን በ ይላታል፤ በ ን ሀ። ተገልብጠው ሲታዩ እውነትም ይመሳሰላሉ፤ ይኸን ዕድሜ ኖሬ ልብ ብዬ አላውቅም።
አንገቱን ያጣምማል። እስከ ማታ አንገቴን አመመኝ አለ።

ስድስት ቀን ቀረው። አምስት ዓመት ሙሉ የተጣመመውን በስድስት ቀን ላቀና ነው እንግዲህ። የማይሆን ነገር ነው።

ለእመት ወለቴ ለመንገር ሄድሁ። እርሻው ዳር ድንጋይ ትለቅም ነበር፤ ለሰኔ እያዘጋጀችው። ነገርኋት።

«ያነባል ወይስ አያነብም?» አለችኝ።

«ያነባል። ግን ከራስጌው በኩል።»

«ካነበበ ታዲያ ምን ቸገራቸው? ፊደሉ ያው ፊደል አይደለም እንዴ?»

እሷ ተመልሳ ድንጋይዋን መልቀም ጀመረች። እኔም ትንሽ ለቀምሁላትና መጣሁ።

ዓርብ፣ ፳፪

ትናንት ማርያም ስለነበረች አላስተማርሁም። ዛሬ ልጆቹን ለድልነሳው ትቼ አልዩ አምባ ገበያ ወረድሁ። ይኸን የምጽፍበትን ወረቀት የሚያመጣልኝ ኑርዬ ነጋዴው እዚያ ነው። ነገሩን ሁሉ ዘረገፍሁለት።

ሳቀ። ዓይኑ እንባ እስኪያወጣ ሳቀብኝ። «ከቀኝ መጀመርማ የኛ ነው የኔታ! ልጁን ለእኛ ይስጡን!» አለ። ተቆጣሁ። ኋላ እኔም ሳቅሁ፤ ከሰኞ ወዲህ የሳቅሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

ሳቁን ሲጨርስ ግን እንዲህ አለ፦ «ወላሂ፣ እኛ ዘንድ ይኸ አይደርስም። ቁርኣን የሚቀራ ልጅ ሁሉ የራሱ ሉሕ አለው፤ እየጻፈ፣ እያጠበ ይማራል። ማን ከማን ራስጌ ይቀመጣል?» የገዛ ልጁን አሮጌ ሉሕ፣ ያችን የእንጨት ሰሌዳ፣ አጥቦ ሰጠኝ። «ኢንሻአላህ ያልፋል» አለኝ።

ዳገቱን ስወጣ ሰሌዳዋን በጋቢዬ ሸፍኜ ነበር። ሰው አይቶ ምን ይለኛል ብዬ። አሁን ሳስበው የሚያሳፍረኝ መሸፈኔ ነው።

ቅዳሜ፣ ፳፫

ቀዳሚት ሰንበት ናት፤ መጻፍ አይገባም። ጻፍሁ። እግዜር ይቅር ይበለኝ።

በከሰል ሰሌዳዋ ላይ ፊደል ጻፍሁለት፤ ከጎኔ አስቀመጥሁት፤ አጠፋሁ፣ ጻፍሁ፣ አጠፋሁ። ከዚያ ከሰሉን ለእሱ ሰጠሁት። እኛ ዘንድ ንባብ እንጂ ጽሕፈት ለልጅ አይሰጥም፤ ግን ማን አየኝ። የገዛ ስሙን ጻፈ። ቀና አድርጎ ነው የጻፈው! እጁ ጥቁር፣ አፍንጫው ጥቁር፣ ጥርሱ ብቻ ነጭ።

የዛሬ ድል፦ ሀ እና በ ተለያዩ። መስመሩን ከግራ ጀመረ፤ አንድ ጊዜ ብቻ ረሳ። ከድርሳኑ ሦስት መስመር አቅንቶ አነበበ፤ ቀስ ብሎ ቢሆንም አነበበ።

ይሆን ይሆን?

ሰኞ፣ ፳፭

ጠዋት አንድ ቅጠል ሙሉ አቅንቶ አነበበ። ሁለት ጊዜ ተሰናከለ። ሁለት! ሦስት አልሞላም! ተነሥቼ ግንባሩን ሳምሁት።

እዚያ ላይ አርፌ አልቀመጥም? ልጁ ደክሞታል፣ ደስ ይበለው ብዬ «በል አሁን እንደ ድሮህ ከራስጌ ሆነህ ዳዊትህን አንብብልኝ» አልሁት። ሄዶ ተቀመጠ። ጀመረ። ተሰናከለ። እንደገና ጀመረ፣ እንደገና ተሰናከለ። እዚያ ቦታ ላይ ሲሰናከል ሰምቼው አላውቅም።

ቀና ብሎ አየኝና «የኔታ፣ አሁን የትኛው ነው ልኩ?» አለኝ።

ልኩ ይኸኛው ነው ብዬ ወደ ጎኔ አመለከትሁት። ድምፄ ግን ልክ አልነበረም፤ እሱም አውቆታል። የነበረውን አበላሸሁበት፣ የሚመጣውን አላደረስሁለትም። ዛሬ እህል አልቀመስሁም፤ ለጾሙ ብዬ አይደለም።

ማክሰኞ፣ ፳፮

በቅደም ተከተል ልጻፈው።

አንኮበር በጠዋት ደረስን። ልጁ ብዙ ነው፤ ከደብረ ብርሃን በኩል ሳይቀር የመጣ አለ። መርማሪው መምህር ሽማግሌ ናቸው፤ ክፉ ሰው አይደሉም። ክፉ ቢሆኑ ይሻለኝ ነበር።

ድልነሳው አለፈ። ታላቁ ወንድም አለፈ። ታናሹ ተመለሰ። እመት ወለቴ ከሴቶቹ ጋር አጥሩ ሥር ተቀምጣ ነበር።

ሀብቴ ቀረበ። መጽሐፉ አትሮንስ ላይ ነው፤ ለእሱ ቀንቶ። መምህሩ ጣታቸውን አሳረፉ። ጀመረ። አንድ መስመር ሄደ። ሁለተኛው ላይ ተሰናከለ፤ አቀናው። በልቤ፣ ሂድ አንተ ልጅ፣ ሂድ እላለሁ። ትንሽ ሄዶ እንደገና ተሰናከለ። ከዚያ ቆመ። ወደ እኔ ዞረ፤ እኔም ወደ መሬት አየሁ። ለምን ወደ መሬት አየሁ?

ሦስተኛውን ሳተ።

መምህሩ «ይበቃሃል ልጄ» ሊሉ ሲሉ ልጁ ሁለት እጁን ሰዶ መጽሐፉን ገለበጠው። ሕዝቡ አጉረመረመ። አንዱ ደብተራ «ምን ዓይነት አስማት ነው!» አለ። ሀብቴ ግን ማንበብ ጀመረ። የትናንቱ መወለካከፍ ከየት እንደጠፋ እንጃ፤ እንደ ዱሮው፣ እንደ ውሃ ወረደው። መምህሩ ገጹ ላይ እጃቸውን እስኪጭኑ ድረስ አነበበ።

ያን ጊዜ ወጥቼ እግራቸው ላይ ወደቅሁ። ጥፋቱ የእኔ ነው፣ እኔ ነኝ እዚያ ያስቀመጥሁት፣ መጽሐፋችን አንድ ነው፣ ልጁ አዋቂ ነው አልሁ። አነሡኝ፤ እስከ መጨረሻውም ሰሙኝ።

«ልጁ ማንበቡን አየሁ» አሉ። «ግን ዲያቆን ሆኖ በሕዝብ ፊት ሲቆም፣ ወንጌሉን በቅዳሴ መካከል ማን ያዞርለታል? አንተ ታዞርለታለህ?»

እውነታቸውን ነው።

«ይቅና፤ በሚመጣው ይምጣ» አሉ። የሚመጣው መቼ ነው ብዬ ጠየቅሁ። ጳጳሱ መቼ እንደሚመለሱ እሳቸውም አያውቁም።

በመንገድ ላይ እመት ወለቴ የልጁን እጅ ይዛ ከፊት ከፊት ሄደች።

ረቡዕ፣ ፳፯

ገበዙ ቤት ሄድሁ። ልጁ እስኪደርስ የቅዳሴ ተራውን ሌላ ያገልግልለት፣ መሬቱ ይቆየው አልሁ። ማን ያገልግልለት አለኝ። እኔ ልል አፌን ከፈትሁና ዘጋሁት። የመጀመሪያዋ ሚስቴ ሞታ ሌላ ያገባሁ ሰው ነኝ፤ ክህነቴ ፈርሷል፤ ከመቅደስ አልገባም። ገበዙም ያውቃል፤ እንዳያሳፍረኝ ወደ ሌላ ወገን አየ።

«አስባለሁ» አለኝ። ይኸ ገበዝ አስባለሁ ያለውን ነገር ሲያደርግ አይቼ አላውቅም። መሬቱን የሀብቴ አጎት ልጅ፣ ዲያቆኑ፣ እንደሚፈልገው ሰፈሩ ሁሉ ያወራል።

ከዚያ እመት ወለቴ ቤት ደጃፍ ድረስ ሄጄ ሳልገባ ተመለስሁ። ፈሪ ነኝ።

ሐሙስ፣ ፳፰

ሀብቴ መጣ! ይቀራል ብዬ ነበር። ሰሌዳዋን በብብቱ ይዟል።

«እናቴ ሂድ ጨርስ ብላኛለች» አለኝ። ሌላ ነገር ብላ እንደሆነ ጠየቅሁት። «የኔታን አትቀየም ብላኛለች» አለ። መታሁህ፣ አበላሸሁህ ልለው ፈልጌ ነበር፤ ተቀመጥ ብቻ አልሁት።

አዲስ ሕግ አወጣሁ፤ የእኔ ሕግ ነው፤ ማንም አላዘዘኝም። ከእንግዲህ ልጆቹ በየቀኑ ቦታ ይለዋወጣሉ፤ ጎበዙም ሰነፉም። እኔም ዓይኔን አልጨፍንም። ታናሹ ወንድም «የኔታስ ቦታ ይለውጣሉ?» ብሎ አሾፈብኝ። ለምን አልለውጥም ብዬ ተነሣሁና ሀብቴን ከግርጌ፣ ከእኔ ቦታ አስቀምጬ፣ እኔ ከራስጌው በኩል፣ በእሱ ቦታ ተቀመጥሁ።

ዳዊቱን በቃሌ ስለማውቀው አይፈትነኝም። ድርሳኑን አምጡ አልሁ። ሀብቴ መርማሪው እንዳደረጉት ጣቱን አንድ ቦታ ላይ አሳረፈልኝ።

አየሁ። ጉንዳን ነው የመሰለኝ። አንዱን ፊደል አገኘሁት ስል ሌላ ሆነ። ከየት እንደሚጀመር እንኳ ጠፋኝ። አንገቴን አጣመምሁ። ልጆቹ ሳቁ።

አንድ ልጅ ከዚህ ሆኖ፣ ማንም ሳያሳየው፣ ዳዊትን ከዳር እስከ ዳር ወጣው። እኔ የመጀመሪያውን መስመር ሳልጨርስ ሦስት ጊዜ ተሰናከልሁ።

ሀብቴ አልሳቀም። ጣቱን ከፊደሉ ሳያነሣ «የኔታ፣ በ ናት» አለኝና እስክቀጥል ጠበቀኝ።