የባለቤቴን አስከሬን በሱቅ በኩል ላስወጡልኝ ክቡር ዳይሬክተር

ለክቡር ዶክተር ሌአንድሮ ኳሊያ፣
የከተማችን ጥንታዊ አምፊቲያትር ጉብኝት ጽሕፈት ቤት ዳይሬክተር፤

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰነበቱ እያልኩ፣ ጤናዎ እንዲጸና፣ ወገብዎም ከወንበርዎ ጋር እንዲስማማ ከልብ እመኛለሁ። እኔ ከአጥርዎ ማዶ፣ በካልካራ ሰፈር ሰባ አንድ ዓመት የኖርኩት ኤርሲሊያ ነኝ። ባለቤቴን ኦታቪዮን በቀበርኩ ማግስት «ጉብኝትዎ እንዴት ነበር? መጥቶ ማየቱ ይጠቅማል ይላሉ?» የሚል መጠይቅ በስልኬ ልከውልኛል። እንዲህ ላለ አሳቢነት በጓዳ መመለስ ነውር ነውና በአደባባይ እመልሳለሁ።

ለማያውቀን አንባቢ ልንገረው። የሰፈራችን ሰው ሲሞት በአምፊቲያትሩ ምሥራቅ በር ይገባል፤ መሀል ሜዳው ላይ ያወርዱታል፤ ከዘመዶቹ በዕድሜ የገፋው «ማነው ያሸነፈው?» ብሎ ይጮኻል፤ ድንጋዩ ደረጃ ላይ የተቀመጠው ሕዝብ የሟቹን ስም ይጠራል። ከዚያ በምዕራቡ በር ወደ መቃብር። ጥንት እዚህ ሜዳ ላይ በሰይፍ ሲጋጠሙ ተሸንፈው የሞቱት ይወጡበት ነበር ይባላል፤ እኛ አሸናፊ አድርገን ነው የምናስወጣበት። ኦታቪዮ አልጋ ላይ ሆኖ የለመነኝ ይህንኑ ብቻ ነው። «ኤርሲ፣ በምዕራቡ በር አውጪኝ፤ ሌላ ምንም አልልሽ» አለኝ። እሺ ብዬ ቃል ገባሁለት።

እነሆ ምስጋናዬ፤

፩ኛ. «ለቀብር የሚሆን ቅጽ የለንም» ብለው በጎብኚነት ስለመዘገቡኝ። የወተት ጥርሴን ስለሰበርኩበት ድንጋይ የሚያስረዳ ወረቀትም ሰጡኝ፤ ለቀባሪው አረዱት ማለት ይኼ ነው። በር ላይ የቆመችው ልጅ «እትዬ፣ አሥራ ሁለት ነው ያስመዘገባችሁት፤ የተኛው ሰውዬ ተቆጥሯል?» ስትለኝ አልተቆጣኋትም፤ ታዝዛ ነው። ተቆጥሯል አልኳት። የጎብኚ ካርዱን ግን የት ላንጠልጥልለት?

፪ኛ. ሩብ ሰዓት ሙሉ ስለፈቀዱልን። ኦታቪዮ ምሳውን እንኳ በሩብ ሰዓት በልቶ አያውቅም። የቀረው ሰፈርተኛ «ቀጠሮ ሞልቷል» ተብሎ ከአጥር ውጭ ቆመ። ወንድሙ ቱሊዮ በሰማንያ ስምንት ዓመቱ ጉሮሮውን ጠርጎ «ማነው ያሸነፈው?» ሲል፣ ደረጃው ላይ የነበሩት ጆሯቸውን በማዳመጫ የደፈኑ ጎብኚዎች ናቸው፤ አንዱ አጨበጨበ። ከአጥር ውጭ ያሉት «ኦታቪዮ!» ብለው ሲመልሱ ደግሞ ጥበቃዎ ፊሽካ ነፋ። ወይ ጉድ! በባለቤቴ ስም ላይ ፊሽካ!

፬ኛ. (ሦስተኛውን ቄሳችን አንብበው ሰርዘውታል።) የምዕራቡን በር «ለጎብኚ ደኅንነት» ብለው ስለቆለፉት፣ መውጫውንም በመታሰቢያ ዕቃ ሱቅ በኩል ስላደረጉት። የሬሳ ሳጥኑ በፕላስቲክ ሰይፍና በፕላስቲክ ራስ ቁር መካከል አለፈ። መታጠፊያው ጠቧቸው ተሸካሚዎቹ ሳጥኑን አዘነበሉት፤ ውስጡ ሲንሸራተት ሰማሁ። አርባ ዘጠኝ ዓመት አብሬው ተኝቼ ሲገላበጥ አላውቀውም? ሻጯ ብቻ ተነሥታ አማተበች፤ እግዜር ይስጣት። ቃሌን እንዳጠፍኩ የገባኝ እዚያ ነው፤ እዚያው ቆሜ አለቀስኩ።

እንግዲህ ወደ ጥያቄዎ ልመለስ። መጥቶ ማየቱ ይጠቅማል ወይ? ለእንግዳ፣ አዎ፤ በጠዋት ይምጣ፣ ውኃ ይያዝ። ድንጋዩ ደግ ነው፤ ለሁለት ሺህ ዓመት ማንንም ገፍቶ አያውቅም። መግፋት የተጀመረው እርስዎ ከተሾሙ ወዲህ ነው። ለካልካራ ሰው ግን አይጠቅምም፤ የገዛ ደጁን በቀጠሮ ማየት ማንን ጠቅሞ ያውቃል?

ለክቡርነትዎ ረጅም ዕድሜ፣ በመጨረሻም ሰፊ በር እየተመኘሁ፣ ከታላቅ አክብሮት ጋር እጅ እነሳለሁ።

ኤርሲሊያ ብራንዶሊ
የተቆጠረው የተኛው ሰውዬ ሚስት

ማስታወሻ፦ «ተመልሰው ይመጣሉ?» ለሚለው የመጨረሻ ጥያቄዎ መልሴ አዎ ነው፤ አንድ ጊዜ፣ ተኝቼ። ለሚሸከሙኝ ነግሬያቸዋለሁ፦ የምዕራቡ በር ካልተከፈተ ሱቅዎ ውስጥ፣ ከሻጯ ጠረጴዛ ፊት ያስቀምጡኝና ምሳቸውን ሊበሉ ይሂዱ። እኔ አልቸኩልም። በሐሩሩ ወራት ከሞትኩ ግን እርስዎ ይቸኩላሉ።