ጣሪያችን ላይ ያለው አውሮፕላን

በሰው አገር ላም ለምታልበው ለወንድሜ ለናሲብ፦ እንደምን ከረምክ? እኛ ደህና ነን፤ ስንዴያችንም እስከ አገር ድንበሩ አጥር ድረስ ቢጫ ሆኗል።

ልጅህ ጆባን ባለ አራት ሞተር መጫወቻ አውሮፕላኑን አመጣልኝ። "አጎቴ፣ ፍጥነት ስጨምር ሦስተኛው ሞተር ይጠፋል" አለኝ። ዕድሜዬን የውሃ ፓምፕ ስጠግን የኖርኩ ሰው ነኝና ሳቅሁበት። "የአራቱም ሞተሮች መቆጣጠሪያዎች በየቀይ ሽቦአቸው የሪሞቱን ምልክት መቀበያ ኤሌክትሪክ ይመግባሉ! ባንድ ድስት አራት ወጥ ሠሪ?" ሦስቱን ቀይ ሽቦ ነቅዬ አንዱን ብተውለት አራቱም እኩል ዞሩ።

ከዚያ መብራቶቹን አስፈታኝ፤ ነጩን ቀለም በጥቁር ቀባው። ሆዱ ሥር ሁለት ኪሎ ጨው አስሮ፣ "ክብደት ልሞክር" ብሎ ወደ አጥሩ ሄደ። ሲመለስ አውሮፕላኑ አለ፣ ጨው የለም።

"ጨዉስ?" አልኩት።

"እርስዎ ሽቦዎን ሠርተዋል አጎቴ" ብሎ ግንባሬን ሳመኝ።

አዲስ ሞተር ሳይክልም ገዝቷል፤ "አባባ ልኮልኝ ነው" ይላል። ገንዘቡን የላክኸው አንተ ነህ አይደል? እኔ ነኝ በለኝ።

ከአጨዳ በፊት ብትመጣ ምን አለበት? ባሕር ማዶ ስትሄድ እንደ አገራችን ወግ ጣሪያችን ላይ በአውሮፕላን ቅርጽ ያሠራነው የውሃ ታንከር ደህና ነው፤ ካለበት ንቅንቅ አላለም። ምነው ሌላውም እንደሱ በሆነ!

እንዳሰብኩህ አለሁ፣
ወንድምህ ላኽቢር