ለደህናው ጉልበት ስለተሰጠው አስደናቂ ውሳኔ

ለተከበሩ የሐኪሞች ሥነ ምግባር ጉባኤ ሰብሳቢ፣

ከሁሉ አስቀድሞ ሙሉ ጤና ይስጥዎ፤ በተለይ ጉልበትዎን ይጠብቅልዎ፤ ሁለቱንም።

እኔ ደህና ጉልበቷን የተቀደደችው የዚያች አሮጊት ባል ነኝ። የጉባኤው ውሳኔ ደርሶኝ ደጋግሜ አነበብኩት። ባነበብኩት ቁጥር አድናቆቴ እየጨመረ ስለሄደ ምስጋናዬን በአደባባይ ለማቅረብ ተገድጃለሁ።

አንደኛ፣ ነገሩን በጥልቀት ስለመረመራችሁ አመሰግናለሁ። የባለቤቴ የታመመው ጉልበት ግራው ነው። የመኝታ ክፍሉ ነርስ በጠዋት መጥታ ግራውን በቀለም ምልክት አድርጋበት ነበር፤ ቀዶ ሕክምና ክፍል እግሯን በመድኃኒት ሲያጥቡት ግን ምልክቱም አብሮ ታጠበ። ሐኪሙ ዘግይተው ገቡና ማንንም ሳይጠይቁ ለቆሙበት የቀረበውን ቀኙን ያዙ። ባለቤቴ የደነዘዘችው ከወገቧ በታች ብቻ ስለነበር ከመጋረጃው ወዲህ ሆና «ኧረ ልጄ፣ ግራው ነው!» ብላ ጮኸች። «እማማ፣ አይጨነቁ፤ እኛ እናውቃለን» አሏት። ደግማ ብትጮህ የእንቅልፍ መርፌ አስጨመሩላት። ጉባኤውም «መድኃኒት የወሰደ ታካሚ ቃል አስተማማኝ ስላልሆነ ሐኪሙ ባለመስማታቸው አይወቀሱም» ሲል ወሰነ። በትዳር ዘመናችን ሁሉ እኔ እንኳ እሷን ላለመስማት እንዲህ ያለ በቂ ምክንያት አግኝቼ አላውቅም። ቀደም ብላችሁ ብትነግሩኝ ኖሮ ስንት ጭቅጭቅ በቀረልኝ!

ሁለተኛ፣ ስለ ቅጣቱ ክብደት አመሰግናለሁ። ሐኪሙ ለአንድ ወር ቀዶ ሕክምና እንዳይሠሩ ታግደዋል። ወሩም እንደ አጋጣሚ የዓመት ፈቃዳቸው ወር ሆኖ ተገኘ። የልጄ ባል ሐይቅ ዳር ዓሣ ሲያጠምዱ አይቷቸው «ፊታቸው ጠቁሯል» ብሎኛል። ከጸጸት ይሁን ከፀሐይ ግን መለየት አልቻለም።

ሦስተኛ፣ ስለ ገለልተኝነታችሁ። እርስዎ የሐኪሙ መምህር እንደነበሩ፣ በቀኝዎ የሚቀመጡት አባልም የሐኪሙ ሚስት ወንድም እንደሆኑ ስሰማ ተጽናናሁ፤ ሰውን ከዘመዱ የበለጠ ማን ያውቀዋል? «እባብ ለእባብ ይተያያል ካብ ለካብ» የሚሉ ክፉ ሰዎች አሉ። እኔ አልልም፤ እንደሚሉ ብቻ ላሳውቅዎ ብዬ ነው።

ውሳኔው ሳይጠቅሰው የቀረ ትንሽ ነገር አለ። የምንኖረው ፎቅ ላይ ነው። ባለቤቴ ቀድሞ የታመመውን እግሯን በደህናው እየጎተተች ደረጃውን ትወርድ ነበር፤ አሁን የትኛው የትኛውን እንደሚጎትት አልታወቀም። ከሆስፒታል ከተመለሰች ወዲህ ደጅ አልወጣችም። ታናሽ እህቷ ስትሞት ለቀብር የሚሄደውን ሰው በመስኮት አየችው።

ግራው ጉልበት ዛሬም እንደታመመ ነው። ሌላ የአጥንት ሐኪም የለም ተብሎ ቀጠሮ የተሰጣት ከእኚሁ ሰው ጋር ነው። ልጃችን «አባዬ፣ አሁንማ የቀረው አንድ ጉልበት ስለሆነ አይሳሳቱም» እያለች ታባብለኛለች። ባለቤቴ ግን «እየዳኽኩ እኖራለሁ እንጂ ዳግም እፊታቸው አልተኛም» ብላለች፤ እሷ አንዴ ካለች ደግሞ አለች ነው።

ካሳ አልጠየቅሁም፤ ይታሰሩልኝም አላልኩም። የምጠይቀው ሌላ ሐኪም እንዲመደብላትና እኚህ ሰው ደረጃችንን ወጥተው «ተሳስቻለሁ» እንዲሏት ነው። ደረጃው ለደህና ጉልበት ምንም አይከብድም። ይህ እስኪሆን ድረስ መጻፌን አላቆምም። ግትር ሽማግሌ ነው ቢሉዎት እውነታቸውን ነው፤ ሚስቴም ትመሰክራለች።

ለጉባኤው ረጅም ዕድሜ፣ ለአባላቱ ጥሩ መነጽር፣ በእናንተ እጅ ለሚወድቅ ታካሚ ደግሞ የፈጣሪን ጥበቃ እየተመኘሁ፣ እስከ መሬት ዝቅ ብዬ እጅ እነሣለሁ።

የታካሚዋ ባል

ማስታወሻ፦ እርስዎም በቅርቡ ትከሻዎን ታመው ቀዶ ሕክምና እንዳደረጉ ሰምቼ እግዜር ይማርዎ ብያለሁ። የገዛ ተማሪዎን እዚሁ ትተው ሌላ ከተማ ድረስ የሄዱት እሳቸውን ላለማድከም ብለው እንደሆነ ገብቶኛል። የዚያኛውን ሐኪም ስልክ ቁጥር ቢልኩልን እኛም አናደክማቸውም ነበር።