ወተቱን መርዝ ነው ብለው ላስያዙት የወንዝ ጠባቂያችን

ግሪስሃይም፣ ጀርመን፣ ነሐሴ 30 ቀን፣ በፈረንጁ ሴፕቴምበር 5፣ 1996

ለክቡር አቶ ሳህሌ ወልደሰንበት፣
የግሪስሃይም ንጹሕ ወንዝ ዳር ፌርአይን (ማኅበር) ምክትል ሊቀመንበር፣ የጉባኤያቸው ሽማግሌ፣ እንዲሁም የቀድሞው የበርሜል ማጠቢያ አለቃችን፣
ባሉበት።

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰንብተዋል እላለሁ። የጉልበትዎ ሕመም ወንዝ ዳር ሲመላለሱ እንዳይብስብዎ፣ ፌርአይኑ የሸለመዎ ብርቱካናማ ሰደርያ በዝናብ ቀለሙ እንዳይለቅ፣ የዓይንዎም ብርሃን አንድ ሊትር ወተት ለመለየት የሚበቃ ያህል እንኳ እንዲጨምርልዎ ዘወትር እጸልያለሁ። እኔ ትሑት አገልጋይዎ ተስፎም ደህና ነኝ። ደህና ያልሆነችው ሻንታ ናት፤ የምጽፍልዎም ስለ እሷ ነው።

ይህን ደብዳቤ በወይዘሮ ሮማነወርቅ ሱቅ በር ላይ በመለጠፌ ይቅርታዎን እለምናለሁ። በፖስታ ሳጥንዎ የከተትኳቸው ሁለት ደብዳቤዎች መልስ ስላላገኙ፣ እርስዎ ብቻዎን ማንበብ ከብዶዎት ይሆናል፣ ሰው ይርዳዎ ብዬ ነው። ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ይባላል፤ እነሆ መስከረም ሊጠባ ስድስት ቀን ስለቀረው፣ አገሩ ጉዱን ሰምቶ በሰላም አዲስ ዓመቱን ይቀበል።

ሽንኩርት ሊገዛ መጥቶ በር ላይ የቆመው አንባቢ ግራ እንዳይገባው ነገሩን ከሥሩ ላስረዳ። እኔና ራጉናት የሚባል የህንድ ሰው፣ ዛሬ በተዘጋው ወንዝ ዳር በነበረው ማጠቢያ ውስጥ፣ ከሌላ ፋብሪካ የሚመጣ የኬሚካል በርሜል አሥራ አንድ ዓመት አብረን አጥበናል። የመጨረሻዎቹን ዘጠኝ ዓመታት አለቃችን እርስዎ ነበሩ። ራጉናት ባለፈው ሰኔ በሳንባ ሕመም ሞተ። የሂንዱ እምነት ሰዎች ሟቹን አቃጥለው አመዱን ለወንዝ ይሰጣሉ፤ ለእኛ አፈር እንደሆነው ለእነሱ ውሃ ነው። ባለቤቱ ሻንታም አመዱን ወደ አገሯ፣ ወደ ጋንጀስ ወንዝ ልትወስድ በፈቃድ ተረከበች፤ ሐኪሟ ግን በዚህ ልብሽ አውሮፕላን አትሳፈሪም አላት። ሦስት ሳምንት አልቅሳ ሲያበቃ ማይን ወንዝ ይሁንለት ብላ ወሰነች። ልጅ የላቸውም። አመዱን የሚበትነው ወንድ ልጅ ስለሆነ፣ ወንድ ልጅ ከሌለ ወንድም ስለሆነ፣ ወንድሙ አንተ ነህ ብላ እኔን ጠራችኝ። ሕጉ እንደማይፈቅድ አውቄ ሄጄአለሁ፤ አልክድም። እምቢ የሚል አፍ ከየት ላምጣ?

አሁን ወደ ምስጋናዬ ልግባ፤ ብዙ ስለሆነ በቁጥር አደርገዋለሁ።

አንደኛ፤ ስለ ንቃትዎ አመሰግናለሁ። ቅዳሜ ኦገስት 10 ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት፣ ከግድቡ በታች እኔና ሻንታ፣ ሁለት አዛውንቶች፣ ውሃው ጫፍ ቁጢጥ ብለን ሳለ፣ እርስዎ ከላይ ከመንገዱ ሆነው በሩቅ ማሳያ መነጽር ይመለከቱን ነበር። ሻንታ ከጋብቻዋ ቀን ጀምራ ያስቀመጠቻትን፣ የጋንጀስ ውሃ ያለባትን ጣት የምታህል የመዳብ ማሰሮ ከፍታ ጠብ አደረገች፤ ይህ ሲደረግ የትም ያለ ወንዝ ለዚያች ሰዓት ጋንጀስ ይሆናል ይላሉ። ቀጥሎ እኔ ከሱፐርማርኬት የገዛነውን አንድ ሊትር ወተት አፈሰስኩ፤ የፍልሰታ ጾም ስለነበር ጣቴን እንኳ አልላስኩም። ከዚያ አሥራ አንድ ቢጫ አበባ፤ ከዚያ አመዱን በእፍኜ። ሰባተኛው እፍኝ ላይ ስደርስ ሳይረን ጮኸ። እርስዎ ለካ ስልክ ደውለው፣ ሁለት የውጭ አገር ሰዎች ነጭ ኬሚካል ወንዝ ውስጥ እየደፉ ነው ብለዋል። የውጭ አገር ሰዎች! እርስዎ ግሪስሃይም የተወለዱ ይመስል። ወይ ሳህሌ፣ ይቅርታ፣ ወይ ክቡር አቶ ሳህሌ!

ሁለተኛ፤ ለሟቹ ስላደረጉለት የክብር አሸኛኘት አመሰግናለሁ። ሁለት የእሳት አደጋ መኪና መጣ። የጎማ ልብስ የለበሱ ስድስት ጎረምሶች ወንዙ ላይ የፕላስቲክ አጥር ዘርግተው አሥራ አንዱን አበባ ከበቡ። ሻንታ ነጭ ሳሪዋ እስከ ጉልበቷ ረጥቦ፣ ባሌ ነው፣ ባሌ ነው እያለች በዚያች ባልጠነከረች ጀርመንኛዋ ስትለምን፣ አንዱ ጎረምሳ አመዱ የቀረበትን ዕቃ ከእጇ ተቀብሎ በቢጫ በርሜል ውስጥ ከቶ አሸገው። ዕድሜውን በርሜል ሲያጥብ የኖረ ሰው ሞቶም በርሜል አላመለጠውም። ይህን ሐሳብ እኔ ዓመት ባስብ አላመጣውም ነበር፤ የርስዎ ስጦታ ነው።

ወተቱን ባለማወቅዎ ግን አልፈርድብዎትም። በየሳምንቱ ዓርብ ከቀኑ ስምንት ሰዓት፣ ተቆጣጣሪው ኮቱን ለብሶ ሲሄድ ጠብቀው፣ የእጥበቱን ውሃ ወደ ወንዙ የሚለቀውን ቧንቧ በገዛ እጅዎ ይከፍቱት ነበር። ዘጠኝ ዓመት። አንዳንድ ዓርብ ነጭ፣ አንዳንድ ዓርብ ቢጫ፣ አንድ የፋሲካ ሰሞን ደግሞ ወይን ጠጅ ሆኖ ወርዶ ዳክዬዎቹ በጀርባቸው ተንጋለው አይተናል። ነጭ ነገር ወደ ማይን ሲገባ ያየ የርስዎ ዓይን ወተት ነው ብሎ እንዴት ይገምት? የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች የሚባለው ለርስዎ አይሆንም፤ የርስዎ እንኳን ማረር፣ ድስቱም ቀልጧል።

ሦስተኛ፤ ስለ ወንዝ ብክለት በአዳራሽዎ ስለሰጡት ትምህርት አመሰግናለሁ። ህንዶች ሬሳ እየጣሉ ጋንጀስን እንደገደሉት ሁሉ ማይንንም ሊገድሉብን ነው ብለው ማስተማርዎን ሰምቻለሁ። እውነት አለበት። ከርስዎ አሥር ዓመት ቀድሞ ይህንኑ የነገረኝ ራጉናት ራሱ ነው። በምሳ ሰዓት በርሜል ላይ ተቀምጠን፣ በአገሩ ድሃው የሚበቃ እንጨት መግዛት ስለማይችል ሬሳው ግማሽ ተቃጥሎ ወደ ውሃ እንደሚገፋ፣ መንግሥት ያንን እንዲበሉ ብሎ ኤሊ አርብቶ እንደለቀቀ፣ ሰዉም በዚያው ውሃ አፉን እንደሚጉመጠመጥ እያፈረም እየሳቀም አውርቶኛል። በአገሩ ወንዝ ዳር ካለው ከቆዳ ፋብሪካ ቧንቧ ጎን ግን የሟቾቹ ነገር ምንም አይደለም ይል ነበር፤ ሟቹን ሁሉም ያየዋል፣ ቧንቧውን ማን ያየዋል? ብሎም አደራ አለኝ። እኔን ስታቃጥሉ አመዴ ነጭ እስኪሆን አቃጥሉኝ፣ ዓሣውን አላስቸግር አለኝ። ክቡርነትዎ፣ ዓሣው እንዳይቸገር ያሰበው ሰው እሱ ነበር። እርስዎ ያን ጊዜ ቧንቧው ጋ ነበሩ።

በሐምሌም ከዚያው ከግድቡ በታች ጉባኤዎ አሥራ አራት ነፍስ አጥምቋል። ጥምቀት ቅዱስ ነው፤ አላሾፍም፤ እኔም የተጠመቅሁ ነኝ። አንዲቱ እህት ጫማዋን ውሃው ሲወስድባት፣ የአሥራ አራቱም ሰው የፀጉር ቅባት ውሃው ላይ እንደ ዘይት ሲንሳፈፍ፣ በመነጽር ያየ ሰው ግን ስልክ አልደወለም። ምናልባት መነጽሩ በዚያን ቀን ውሃ ውስጥ ገብቶ ሃሌ ሉያ ይል ስለነበር ይሆናል።

አራተኛውን ቁጥር ለጉዳዩ ልተወው፤ ሰው እየሳቀ ዋናውን እንዳይስት።

ከሰባቱ እፍኝ የተረፈው የራጉናት ግማሽ ዛሬ በውሃ ጥበቃው ቢሮ ምድር ቤት፣ በቢጫው በርሜል ውስጥ ነው። ግማሹ ሄዷል፤ ግማሹ ታስሯል። በእነሱ እምነት ሙሉው ውሃ እስኪገባ ሰውየው መንገድ ላይ ነው፤ ስለዚህ ሻንታ እህል አትቀምስም፣ ከሩዝ ውሃ በቀር። ቢሮው ውስጥ ፍራው ዲትሪሽ የምትባል ደግ ሴት አግኝተናል። ሦስት ጊዜ ቴርሚን፣ ማለት ቀጠሮ፣ ሰጥታናለች። ቅጣቱን እኔ ልቀበል ብያለሁ፤ እሷም የራጉናት የወንድም ልጅ ሴፕቴምበር 20 ቀን ከህንድ መጥቶ የቀረውን ይዞ መሄድ እንደሚችል ነግራናለች። የቀረችው አንዲት ነገር ናት። በፋይሉ ላይ ነጭ ኬሚካል የሚል የዓይን ምስክር ቃል እስካለ ድረስ ዕቃው አመድ ሳይሆን አደገኛ ቆሻሻ ነው፤ አደገኛ ቆሻሻ ደግሞ በዚያው በሴፕቴምበር 20 ወደሚጠፋበት ይላካል። ያንን ቃል ማንሳት የሚችለው የሰጠው ሰው ብቻ ነው። አንድ ወረቀት፤ አንድ መስመር፤ ያየሁት ወተት ነበር የሚል። የወተቱን ካርቶን እንኳ አጥቤ አስቀምጬልዎታለሁ።

ስለዚህ ነገር ባለቤትዎን ወይዘሮ ዘርፈሽዋልን በትራም ፌርማታው አግኝቼ ለምኜ ነበር። ምስኪን፣ አንገቷን ደፍታ፣ ተስፎም ወንድሜ እኔስ ነግሬው ነበር፣ እሱ ግን ቃሌን ባጥፍ ፌርአይኑ መሳቂያ ያደርገኛል፣ ደግሞስ ለጣዖት አልፈርምም አለኝ አለችኝ። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ማለት ይኸው ነው፤ የርስዎን ኀፍረት እሷ ተሸከመችልዎ። እግዜር ይስጣት።

ፌርአይኑ ይስቅብኛል ላሉት ግን አንድ መድኃኒት አለኝ። ማጠቢያው በተዘጋ ጊዜ ወረቀቱ ሁሉ ወደ ቆሻሻ ሲጣል፣ ራጉናት አንድ ወፍራም መዝገብ አንስቶ ቤቱ ወስዶ ነበር። ተንኮል አስቦ አይደለም፤ ባዶ ገጾቹ ብዙ ስለነበሩ የአስቤዛ ዝርዝር ሊጽፍባቸው ነው። ባለፈው ሳምንት ሻንታ ወረቀቶቹን ስታገላብጥ አገኘችው። የቧንቧው መክፈቻ መዝገብ ነው። ቀኑ፣ ሰዓቱ፣ ስንት በርሜል እንደታጠበ፣ በጎኑም ያ ጭራው እንደ እባብ የሚጠማዘዘው ያማረ ፊርማዎ በየዓርቡ። ከኋላው የሩዝና የምስር ዝርዝር አለ። እኔ ሰው አላስፈራራም፤ በዕድሜዬም አላደረግሁትም። ነገር ግን ፍራው ዲትሪሽ ማንበብ የምትወድ ሴት ናት፤ አራተኛ ቴርሚኔም ሴፕቴምበር 17 ነው። በዘጠኝ ዓመት ውስጥ በፊርማዎ ሰስተው አያውቁም፤ ለወንዙ በየሳምንቱ የፈረሙ እጆች ለአንዲት ባል ለሞተባት ሴት አንዲት ጊዜ ቢፈርሙ አይሰበሩም ብዬ አምናለሁ።

አገራችን ለሁለት ሲከፈል እንኳ ያልተጣላሁዎት፣ በሺፍትዎ ሥር ጎንበስ ብዬ የቀረሁ፣ ከዚያ የእጥበት ውሃ የተነሳ ጎኔ እስከ ዛሬ የሚያሳክከኝ፣ ለሰደርያዎና ለመነጽርዎ ረጅም ዕድሜ፣ ለኅሊናዎ ደግሞ፣ ካለበት ተፈልጎ ከተገኘ፣ ፈጣን ምሕረት የምመኝልዎ፣

ታዛዥዎና የቀድሞ በርሜል አጣቢዎ፣
ተስፎም ገብረንጉሥ

ከፊርማዬ በኋላ የመጣ፦ ይህን ጽፌ ሳልለጥፈው ፍራው ዲትሪሽ ደወለችልኝ። እርስዎ እምቢ ካሉ ምርመራው ይፈርዳል ብላ፣ ልትረዳን አስባ፣ ከአመዱ ጥቂት ለላቦራቶሪ ልካለች። ሻንታ ደስ አላት። እኔ ግን ደነገጥኩ፤ መዝገቡን አንብቤዋለሁና። በማርች 1984፣ በገጽ 112፣ ትልቁ የኬሚካል ጋን ከውስጥ ይፋቅ በተባለበት ቀን፣ በእጅዎ ጽሑፍ፣ ማስክ አልቋል፣ ራጉ ይግባ የሚል አለ። ገባ። ሦስት ሰዓት ቆየ። ሲወጣ የተፋው ሰማያዊ ነበር፤ ሐኪሙም አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ምን ተንፍሰህ ነው ይለው ነበር። እንግዲህ ራጉናት እንደ አደራው ነጭ ሆኖ ተቃጥሏል፤ ከራሱ የሆነ ዓሣ የሚያስቸግር ነገር አልቀረበትም። ላቦራቶሪው ከአመዱ ውስጥ መርዝ ቢያገኝ ያ ከህንድ የመጣ አይደለም፤ የርስዎ ንብረት ነው። ሻንታ የምትፈልገው ባሏን ብቻ ነው፤ የርስዎን ድርሻ በርሜል ይዘው መጥተው ይረከቡ።