ለማንም እንዳትነግሪ

ውድ ያምሮት፣

በወረቀት የምጽፍልሽ ስልክሽን ስላላመንኩት ነው። ወዴት እንደምልከው ገና አላውቅም። ያለሽበት ሲታወቅ ይደርስሻል፤ እስከዚያ እኔ ዘንድ ይቆይ።

መጀመሪያ ልናዘዝ። የሄድሽ ዕለት አይቼሻለሁ። ቡሬ መናኸሪያ፣ በማለዳ፣ አረንጓዴ ሻንጣ ይዘሽ አዲስ አበባ የሚሄደው አውቶቡስ ውስጥ ስትገቢ። ልጠራሽ አፌን ከፍቼ መልሼ ዘጋሁት። በእኛ አገር መንገደኛ ወዴት ነህ አይባልም፤ አንድ ነገር ቢሰናከልበት የጠየቀው ሰው ዓይን ነው ይባላል። ደግሞም ቀንቼ ነበር። አራት ዓመት አንድ ዶርም ተኝተን፣ አብረን ኮምፒውተር ሳይንስ ተመርቀን፣ እንደ ማንም ደብቀሽኝ ስትሄዲ አንጀቴ አረረ። ሻይ ቤቱ በረንዳ ላይ ከምሰሶ ኋላ ሆኜ አውቶቡሱ እስኪወጣ ጠበቅሁ። እናትሽ እትዬ እማዋይሽ ለጠየቃቸው ሁሉ «አዲስ አበባ ሥራ ይዛለች» ሲሉም አብሬ ራሴን ነቀነቅሁ።

ስምንት ወር ድምፅሽ ጠፋ። እኔም በዲግሪዬ መጋዘን ተቀምጬ የበርበሬ ዛላ ስቀነጥስ ከረምኩ። በግንቦት በቴሌግራም መጣሽ። ታይላንድ ነኝ፣ ቢሮ ነው የምሠራው፣ ላንቺም ቦታ አግኝቻለሁ፣ ልምድ አይጠይቁም አልሽ። መጨረሻው ላይ «ለማንም እንዳትነግሪ» ይላል። ደስ ሊለኝ ሲገባ ጠረጠርኩ። ታውቂኛለሽ፣ ሰው ሲያሞግሰኝ እንኳ ምን ፈልጎ ነው የምል ነኝ። አንቺ የእናቴን የወገብ ሕመም ሳትጠይቂ ወሬ ጀምረሽ አታውቂም። ደግሞ በየመስመሩ «ውዴ» ትይኛለሽ። መቼ ነው ውዴ ብለሽኝ የምታውቂው?

ጉዳይሽን የሚይዘው እንዳለው የሚባል ሰው ነው ስላልሽኝ ፍኖተ ሰላም ሄጄ አየሁት። ጉርድ ፎቶ እያነሳ የፓስፖርት ፎርም የሚሞላው ሰውዬ ነው። ሥራው ምንድን ነው ስለው «ኮምፒውተር ላይ ቁጭ ብሎ ሰው ማናገር» አለኝ። ድርጅቱ ማን ይባላል ስለው ሳቀ። ስወጣ ደግሞ እስከ በሩ ሸኝቶኝ፣ «እህቴ፣ ነገሩን ያዝ አድርጊው፤ የሰው ዓይን መጥፎ ነው» አለኝ። የገዛ ፍርሃታችንን ከእኛ አብልጦ እንደሚያውቀው የገባኝ ያኔ ነው። እሱ እኛን ዝም ማሰኘት እንኳ አይጠበቅበትም፤ ዝም ብለን ነው ያደግነው።

ስመለስ ሚኒባስ ውስጥ ሆኜ፣ እኔ ካልመጣሁ ምን ትሆኛለሽ ብዬ ጻፍኩልሽ። በማግስቱ «ሰው ካመጣሁ ይለቁኛል» የሚል ብቅ አለና ዓይኔ እያየ ተሰረዘ። ወዲያው «ቪዛሽ ደርሷል ውዴ» የሚል ተተካ። የመጀመሪያውን የጻፍሽው አንቺ ነሽ። ሁለተኛውን ማን እንደጻፈው አላውቅም።

ብመጣ ትወጫለሽ፤ ብቀር ትቀሪያለሽ። ሦስት ቀን ይህንኑ ሳወጣ ሳወርድ ሰነበትኩ። ያኔ ዝም ብዬ የሰደድኩሽ እኔ ነኝና ብመጣም ይገባኛል አልኩ። ከዚያ ግን እኔስ ለመውጣት ማንን ልጠራ ነው ብዬ አሰብኩ፤ የታናሽ እህቴ የምሥራቅ ፊት መጣብኝ።

እሑድ የሰፈሩ እድር ስብሰባ ነበር። ዳኛው ጋሽ ገብረ ሕይወት ሌላ ጉዳይ ያለው ሲሉ ተነሳሁ። ወዴት ልሄድ እንደነበር፣ ማን እንደሚልከኝ፣ ለማንም እንዳትነግሪ እንደተባልኩ፣ ሁሉንም ዘረገፍኩት። ሰው ሁሉ መሬት መሬት አየ። አንዲት ሴትዮ ሰው እንዴት ዕድሉን አደባባይ ያሰጣል ብላ አጉተመተመች። ከዚያ ጨርቅ ነጋዴዋ ወይዘሮ ዓፊፋ ቀስ ብለው ተነሱ። «የኔም ልጅ ናዚፋ ሐሙስ ትሄዳለች። ላባቷ እንኳ አልነገርንም» አሉ። ከኋላ ሌላ እናት ሐሙስ የሚለውን ሲሰሙ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ያዙ። የእሳቸውም ልጅ መንገድ ሐሙስ ነበር።

በመጨረሻ እናትሽ ተነሱ። ማንንም አላዩም። «የኔ ልጅ አዲስ አበባ አይደለችም። ያለችበትን አላውቅም» አሉ። ሰዉ ለቅሶ እንደሚደርስ ሆኖ ከበባቸው።

ሰኞ ዳኛውና እናቶቹ ፖሊስ ዘንድ ሄዱ። የእንዳለው ሱቅ ተዘግቶ ተገኘ፤ ናዚፋ ግን ቤቷ ናት። እኔም «አልመጣም። ለሁሉም ተናግሬያለሁ፤ እናትሽም ተናግረዋል» ብዬ ላክሁልሽ። ከላክሁ በኋላ ስልኩን ከእጄ አላወረድኩም፤ ምን እንደሚያደርጉሽ አላውቅምና።

ረቡዕ ጠዋት የሦስት ሰከንድ ድምፅ መጣ። «አበጀሽ» ይላል፣ ሌላ የለውም። ሻክሯል፤ ግን ያንቺ ነው። ከዚያ ወዲህ ስልክሽ አይሠራም።

ለእናትሽ አሰማኋቸው። ደጋግመው ሰሙት። «አይቀጥልም?» አሉኝ። አይቀጥልም አልኳቸው።

ነገ ሁለታችን ፎቶሽን ይዘን አዲስ አበባ፣ ውጭ ጉዳይ እንሄዳለን። ይመልሱልን አይመልሱልን አላውቅም፤ እንዳትጠብቂኝም አልልሽም። በመንገዳችን ግን ወዴት ናችሁ ለሚለን ሁሉ፣ ላልጠየቀንም ጭምር፣ ስምሽን ከነአባትሽ እየጠራን እንነግረዋለን።

እህትሽ አምለሰት
ቡሬ