የአባባ ይግባኝ

ሰኞ፣ ሞጣ

ዛሬም እምቢ አሉ። ጠበቃው በስልክ ስንት ለመናቸው። "አባቴ፣ ዳኞቹ ፊት 'አልወለድኳትም፣ የጡት ልጄ ናት' ይበሉ። ሊያታልሉ እንዳላሰቡ የሚያሳየው፣ የሚያድንዎትም ይሄ ብቻ ነው።" አባባ ስልኩን ለእኔ ሰጥተው ወደ ጓሮ ወጡ።

ለዚህ ሁሉ ያበቃን የእኔ ፓስፖርት ነው። የልደት ምስክር ወረቀት አምጪ ተባልኩ። ወላጅ አባቴን አላውቀውም። ያሳደጉኝ አባባ ቢሮ ሄደው "አባቷ እኔ ነኝ" አሉ፤ ተጻፈ፣ ማኅተም ተመታበት። የወንድማቸው ልጅ ነገ ቤታቸውን እንዳልወርስ ፈርቶ ጠቆመባቸው። ሐሰተኛ ሰነድ አሠርተዋል ተብለው ተከሰሱ። እዚህ ሞጣ ዳኛ ፊት ቆመው፣ ጎረቤት ሁሉ እየመሰከረባቸው፣ "ወልጃታለሁ" ብለው ድርቅ አሉ። አንድ ዓመት እስራት። አሁን በዋስ ናቸው፤ ይግባኙ ረቡዕ ቢቸና ይሰማል።

በዚህ ዕድሜ እስር ቤት። ዓይናቸው። ጨጓራቸው። ብርዱ።

ማክሰኞ፣ ቢቸና

መንገዱ ተከፍቷል ሲባል በጠዋት ወጣን። ደብረ ወርቅን አልፈን ቢቸና ገባን።

አልጋ ከያዝን በኋላ አፋጠጥኳቸው። አንድ ቃል መናገር ምን ይገዳል? ያኔ ነገሩኝ። እናቴ ሞታ በአራት ዓመቴ ሲወስዱኝ፣ ሽማግሌ ሰብስበው አውራ ጣታቸውን ማር ውስጥ ነክረው እንደ ጡት አጠቡኝ። ይህን አውቃለሁ፤ የጡት ልጅ የሚኮነው እንዲህ ነው። ያላወቅሁት መሐላውን ነው። "'አልወለድኳትም' የሚል ቃል ከአፌ ላይወጣ ቄስ ፊት ምያለሁ" አሉኝ። "እስር ፈርቼ ላፍርሰው?"

ተናደድኩ። ግትር ነዎት አልኳቸው። ራት ሳይበሉ ተኙ።

ረቡዕ

ሦስት ዳኞች ናቸው። የመሐል ዳኛዋ "አባት፣ ልጅቱን ወልደዋታል ወይስ አልወለዷትም?" ብለው ጠየቁ። አባባ ሞጣ እንዳሉት "ወልጃታለሁ"ም አላሉም፤ ዝም። ደግመው ጠየቁ። ዝም። ዐቃቤ ሕጉ መልስ የላቸውም ተብሎ ይመዝገብልኝ አለ።

እንዴት እንደተነሣሁ አላውቅም። "አልወለዱኝም" አልኩ።

ፖሊሱ ክንዴን ያዘኝ። ዳኛዋ ተቆጡ፣ ከዚያ ከጎናቸው ካሉት ጋር ተንሾካሾኩና ወደፊት ጠሩኝ። ማሩንም፣ ሽማግሌዎቹንም፣ መሐላውንም ተናገርኩ። አባባን ማየት ፈርቼ ወለሉን ሳይ ቆየሁ። ውሳኔው ለዓርብ ተቀጠረ።

ሐሙስ

አያናግሩኝም። ሻይ አመጣሁላቸው፣ ቀዘቀዘ። ብቻቸውን ቤተ ክርስቲያን ሄደው እስከ ቀትር ቆዩ።

ነገ ፍርዱ ከጸና በከንቱ ካድኳቸው ማለት ነው። ነጻ ከወጡስ? ከዚህ ዝምታ ጋር ሞጣ እንዴት እንገባለን? ምን ብዬ እንደምጸልይ እንኳ ጠፋኝ።

ዓርብ

ፍርዱ ተሻረ። ሊያታልሉ አስበው አይደለም፣ ጥፋተኛ አይደሉም ተባለ። የልደት ወረቀቴ ግን እንዲሰረዝ ታዘዘ። የወንድማቸው ልጅ በሩ ጋ ቆሞ ነበር። ቤቱ የእሱ እንደሆነ ገብቶታል፤ እጄን ጨብጦ እንኳን ደስ አላችሁ አለኝ።

ጠበቃው ተደሰተ። እኔም ደስ ብሎኛል፣ እስር ቤት አይገቡም። ግን መናኸሪያ ስንደርስ "ይቅር ይበሉኝ" አልኳቸው።

"ዳኛዋ ያነበቡትን ሁሉ አልሰማሁትም" አሉኝ። "ከረቡዕ ጀምሮ የምሰማው ያንቺን 'አልወለዱኝም' ነው።"

ሚኒባሱ ሲሞላ ከጎናቸው ተቀመጥኩ። አልተጠጉኝም፣ ተነሺም አላሉኝም።