የወንድማችን ጉንጭ

ውድ ታናሽ ወንድሜ፣

የላክኸው ዲስክ ደርሶኛል። በሽፋኑ ላይ «ሙሉ በሙሉ የታደሰ» ከሚለው ጽሑፍ ሥር ስምህ በወርቃማ ፊደል ታትሟል። ሟቹ ወንድማችን የወሮበሎች አለቃ ሆኖ የተወነበትን ያንን ዝነኛ ፊልም ከሚስቱ ጋር ተቀምጬ አየሁት።

መታደስ ማለት የነበረውን መመለስ ነው። በዚህ ዲስክ ግን ሌሊቱ አመድ መስሏል፤ በዝናቡ ትዕይንት የፊልሙ ጭረት ከዝናቡ ይበልጣል፤ በባንክ ዘረፋው ላይ ድምፁ ከከንፈር ቀድሞ ይሮጣል። ይህን ሁሉ በችኮላ አመካኝቼ ባለፍሁት ነበር። ዳሩ ግን ካሜራው ወደ ወንድማችን ፊት ሲቀርብ ሚስቱ ከወንበሯ ብድግ አለች።

«ይሄ ደግሞ የማን ባል ነው? ሙሽራ አስመሰላችሁት እኮ!»

የግራ ጉንጩ ጠባሳ የለም።

በስልክ ስጠይቅህ ምን አልኸኝ? «ጋሼ፣ እኔ አይደለሁም፤ ማሽኑ ነው! የፊልም ጭረት መስሎት ጠርጎት ነው።»

«ግድግዳውንና ሰማዩን የሞላውን ጭረት ትቶ አንዲት ጉንጭ ብቻ ታየችው?»

«ጋሼ፣ ኔትወርኩ እየተቆራረጠ ነው» ብለህ ዘጋህብኝ።

በዲስኩ ውስጥ በጥንቃቄ የተሠራ ቦታ ቢኖር ያ ጉንጭ ብቻ ነው። ማሽን እንዲህ አይጠነቀቅም። ምስል በምስል፣ በገዛ እጅህ ነው ያጠፋኸው።

በልጅነታችን ተናድደህ የወረወርኸው የቆርቆሮ ክዳን ጉንጩን ሲሰነጥቀው አጠገባችሁ ነበርሁ። እርሱ ለአባታችን «አጥር ቧጨረኝ» አለ፤ እኔንም በዓይኑ ዝም አሰኘኝ። ካደገ በኋላ የፊልሙ አዘጋጅ ለአለቃነት የመረጠው ስለዚያ ጠባሳ ነበር። የዚያን ዕለት ምሳ ላይ እየሳቀ፣ «ያስቀጠረኝ ታናሼ ነው፤ የድለላ ዋጋውን እንዳይጠይቀኝ ብቻ!» አለን። እናታችን ምን ማለቱ እንደሆነ አልገባትም። አንተ ግን ገብቶህ ነበር። ጉርሻህን ሳትውጥ ተነሥተህ ወጣህ፤ ከዚያ ወዲያ እስኪሞት ድረስ ዓይን ለዓይን አላየኸውም።

ይቅር ብሎህ ነበር፤ አልቀበልም አልህ። አሁን ደግሞ አንተ ልታየው የምትችለውን ፊት ሠርተህ፣ ሚስቱ የማታውቀውን ሰው ሰጠሃት።

የፊልሙን የድሮ ካሴት አልጣለችውም። ምስሉ ይንቀጠቀጣል፣ ይደበዝዛል፤ ፊቱ ግን የራሱ ነው። እሑድ ከምሳ በኋላ ናና በመካከላችን ተቀምጠህ እየው። ከዚያም ጠባሳውን መልሰህ ዲስኩን እንደገና አሳትመው። ካልመጣህ ግን፣ እኔ የሞትሁ ዕለት ከቀባሪዎቼ መካከል እንዳትቆም።

ታላቅ ወንድምህ